የአክስቴ ሸክላና ሠላሳ አምስት መልስ

አክስቴ ካረፈች በኋላ ዕቃዋን የማየቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። አልጋዋ ሥር የእንጨት ሳጥን ነበራት። ከነጠላዎቿና ከድሮ ፎቶዎቿ በታች አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ሸክላ አገኘሁ። መሃሏ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሹ ተልጧል። የዘፋኙም የዘፈኑም ስም አይነበብም። የተረፈው የአሳታሚው ስም ብቻ ነው፤ አምሃ ሪከርድስ።

ፎቶ አነሳሁና የድሮ ሙዚቃ ወዳጆች የሚያወጉበት የውይይት መድረክ ላይ ለጠፍኩት። ከፎቶው ሥር አጭር ጽሑፍ ጨመርኩ። አምሃ እሸቴ በ1969 የጀመረው ቤት በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ትንንሽ ሸክላና 12 ትልልቅ አልበም አውጥቶ ድንገት ጸጥ አለ። ይህን ቤት የገደለው ደርግ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል ብዬ ዘጋሁት። ለወጉ ያህል ጠየቅኩ እንጂ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

እስካሁን ሠላሳ አምስት መልስ መጥቷል። ሁሉንም እኩል አልተርክም። አንዳንዱ ለወግ አይበቃም፣ የመድረኩ ኃላፊ ያጠፋቸው ደግሞ ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ ነፍስ ይማር ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛው ሸክላው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። የአክስቴ አርባ ገና አልወጣም ነበር።

ሦስተኛው ላይ አንድ ልጅ አምሃ እሸቴና ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ወንድማማች መሆናቸውን እንደ ድሮ የታወቀ ነገር አድርጎ ጻፈ። ወንድሙን ለማስዘፈን ብሎ ቤቱን ከፈተ የሚል ታሪክም አክሎበታል። አራተኛው በጨዋ ደንብ አረመው። የአባት ስም ተመሳሰለ እንጂ ዝምድና የላቸውም። አምስተኛው ይህን ሲያይ አላስቻለውም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም አሉ እኮ አለና፣ በ1908 ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹትን ሰውዬ አስታወሰን። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች የእሳቸው ናቸው። እንግዲህ በዚህ አገር እሸቴ የሚባል አባት ሁሉ ሸክላ የሚያስቀርጽ ልጅ ይወልዳል ማለት ነው ብሎ ቀለደ። ስድስተኛው ሳቀ።

ሰባተኛው ቅር ብሎታል። 1969 ያልኩት በእኛ ነው በፈረንጅ? በእኛ ከሆነ ደርግ ሥልጣን ላይ ነው፣ ታዲያ ደርግ የገደለውን ቤት በደርግ ዘመን ማን ከፈተው? እውነቱን ነው፣ እ.ኤ.አ. ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ስምንተኛው ጉዳዩን በአንድ መስመር ጨረሰው፦ በእኛ 61 ወይም 62 ነው። ከዚህ በላይም በታችም የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ በእኛ ካላልኩ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።

ዘጠነኛውን መልስ የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው። ስማቸውን አላወጡም። ፒያሳ ማደጋቸውንና አሁን ሰባዎቹ ውስጥ መሆናቸውን ብቻ ነገሩን። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው።

ጋሼ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። በ1948 የወጣ የንጉሡ ትእዛዝ ነበር። ሸክላ ከውጭ የማስገባትም የማሳተምም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ እንዲሆን ያዘዘ። ማኅበሩ ሸክላ አላወጣም አይደለም፣ አውጥቷል። ግን እነ ጋሼ ጎረምሳ የነበሩ ጊዜ የሚፈልጉት ያንን አልነበረም። ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ሱሪያቸውን ከታች አስፍተው ማታ የሚጨፍሩበትን ነው የፈለጉት። ያንን ደግሞ ምሽት ክለብ ገብቶ ማዳመጥ እንጂ ገዝቶ ቤት መውሰድ አይቻልም። አምሃ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው፣ የውጭ አገር ሸክላ ያስመጣል፣ ይሸጣል። ስለዚህ ደንበኛው ምን እንደጎደለው በየቀኑ ይሰማ ነበር።

አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም። ቅጂው እዚህ ይሠራል፣ ቴፑ ህንድ አገር ይላካል፣ ታትሞ ይመጣል። በኋላ ላይ ሊባኖስና ግሪክም ታትሟል። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነው። ጋሼ እንደሚሉት ሸክላው ሲወጣ የሚያውቋቸው ሰዎች አምሃ ይታሰራል ብለው ጠብቀው ነበር። አልታሰረም። ትእዛዙ እንዳለ አለ፣ ሸክላው ይሸጣል። እሳቸውም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንድ የሙዚቃ ቤት በር ላይ ድምፅ ማጉያ ሥር ቆመው ያንኑ ዘፈን ደጋግመው ሰምተው፣ ማታ ዘግይተው ገብተው ከአባታቸው ዱላ እንደቀመሱ ጻፉ። ዱላው ግን አልቆጨኝም አሉ።

አሥረኛው ደረቅ ያለ ሰው ነው። ሀገር ፍቅርን እንደ ጠላት ማቅረብ ነውር መሆኑን፣ ማኅበሩ በ1935 ሲቋቋም ፋሺስት በር ላይ እንደነበር፣ የአገሪቱን ዘመናዊ መድረክ ያሳደገውም እሱ መሆኑን ሰበከን። ጋሼ በአሥራ አንደኛው በትህትና መለሱለት። ማኅበሩን እንደሚያከብሩ፣ ግን ክብርና ሞኖፖል የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ነገሩት። ሰውዬው አልተመለሰም።

እዚህ ድረስ የእኔን ድምዳሜ የነካው የለም። አሥራ ሁለተኛው ነው ያፈረሰው።

ጸሐፊዋ ሴት ናት፣ ሸክላ ትሰበስባለች። ጥያቄዋ አጭር ነበር። ደርግ ነው የገደለው ካልን ዓሊ ታንጎን ምን እናድርገው? ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ ፒያሳ ታንጎ ሙዚቃ ቤት የነበረው፣ ካይፋ ሪከርድስ የሚለውን ቤት የከፈተው አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ነው። የማሕሙድ አሕመድን ኧረ መላ መላን በ1975 አወጣ። በ1977 ደግሞ፣ ከተማው በጥይት ሲናጥ፣ የዋሊያስ ባንድን ጨ በለው አወጣ። ያው ደርግ፣ ያው ሳንሱር፣ ያው ከተማ። አንዱ ቤት ሲዘጋ ሌላው እየሠራ ነበር። ስለዚህ ደርግ የሚለው መልስ አይበቃም አለች፤ በተለይ ምንም ሳያጣሩ ለሚጽፉ ሰዎች። የመጨረሻው ለእኔ ነው፣ ገብቶኛል።

ሁለት ቀን ምንም አልጻፍኩም።

በዚያ መሃል አሥራ ሦስተኛው ለእኔ ለመድረስ ሞከረ። ደርግ ቤቱን በአዋጅ አልዘጋውም ይሆናል፣ ግን ማታውን ዘግቶታል አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእነዚያ ሸክላዎች ሙዚቃ የተወለደው በምሽት ክለብ ነው። ሙዚቀኞቹ አብዛኞቹ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ልጆች ናቸው ወይም ከዚያ የወጡ ናቸው። ማታ ማታ ክለብ እየተጫወቱ ነው የተሳሉት። ዓለማየሁ ራሱ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው የመጣው፣ በኋላም ከግርማ በየነ ጋር ዓለም ግርማ የሚባል ባንድ ነበራቸው። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ክለቡ ሞተ። ክለቡ ከሞተ ደግሞ አዲስ ዘፈን የት ይፈተናል? ሰው የማይሰማውን ማን ያሳትማል?

አሥራ አራተኛው ግን፣ ሁሉም ክለብ አልሞተም ብሎ ሂልተንን አነሳ። ዋሊያሶች ሂልተን ይጫወቱ ነበር። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ቤትህ መሄድ፣ አለዚያ እዚያው ሲጨፍሩ ማደርና ሲነጋ መውጣት ነው። ለሂልተን ኪስ የነበረው ሰው አድሯል፣ ሌላው ቤቱ ተኝቷል። እንደ እኔ ይህ አሥራ ሦስተኛውን ከማፍረስ ይልቅ ያጠናክረዋል፣ ሰውዬው ግን ያፈረሰ መስሎት ደስ ብሎታል።

አሥራ አምስተኛውን ሳነብ ሻይዬ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው መርካቶ ውስጥ አንድ የካሴት ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ቴፕ አያይዞ መቅዳት ነበር። ደንበኛ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ማታ ሲመለስ ተቀድቶ ይጠብቀዋል። ሱቁ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሸክላ ነበር፣ ብዙዎቹ የአምሃ ናቸው። ከአንዲት ሸክላ ስንት መቶ ካሴት እንደቀዳ አያውቀውም። የሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ቴፕ ግን ሹፌሩም ነበረው፣ ወታደሩም ግንባር ይዞት ሄዷል። ሸክላ ለማሳተም ባሕር ማዶ መላክ፣ ቀረጥ መክፈል፣ ወራት መጠበቅ አለ። ካሴት ከሰዓት በኋላ ያልቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ የሚያወጣ ሰው ጠፋ፣ ዓሊ ታንጎም ወደ ካሴት ዞረ። ስለዚህ ገዳዩን ከፈለጋችሁ አንዱ እኔ ነኝ፣ ደመወዝ ተከፍሎኝ ነው የገደልኩት የሚል መንፈስ ነበረው ጽሑፉ። ምሬትም ኩራትም አለበት።

አሥራ ስድስተኛው ሌባ አለው። በዚህ ቃል ብቻ አልቆመም፣ ስለ እናቱም አንድ ነገር ጨምሯል። አሥራ ሰባተኛው ለካሴት ቀጂው ተከራከረ። ማስተሩ፣ ዋናው ቅጂ ማለት ነው፣ የት እንዳለ እንኳ በማይታወቅበት በዚያ ዘመን፣ ዘፈኖቹን ከሰው ጆሮ እንዳይጠፉ ያቆዩአቸው እነዚያ የተቀዱ ካሴቶች ናቸው። ሌብነቱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ራሱ አይኖርም። አሥራ ስምንተኛው የመድረኩ ኃላፊ ነው፣ እናት ሳይነሳ መከራከር እንደሚቻል አሳስቦ የአሥራ ስድስተኛውን ግማሽ ሰረዘው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከአሥራ ሰባተኛው ጋር ነኝ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ካሴት ዘፈኑን አቆየ፤ አሳታሚውን ግን ከነስሙ ነው የቀበረው። በካሴት የሰማናቸው ዘፈኖች የማን እንደሆኑ፣ ማን እንዳቀናበራቸው፣ ማን ሳክስፎን እንደነፋ አናውቅም ነበር። ካሴቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ የሱቁ ማኅተምና በእስክሪፕቶ የተጻፈ ምርጥ የሚል ቃል ነው።

ከዚያ ነገሩ አሜሪካ ገባ። አሥራ ዘጠነኛው ከዋሽንግተን ዲሲ የሚጽፍ ሰው ነው። አምሃ በ1975 ከአገር ወጥቶ ዲሲ ሄደ። እዚያ ብሉ ናይል የሚባለውን ምግብ ቤት ከፈተ፣ በከተማው ከመጀመሪያዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ነው። በኋላም አይቤክስ የሚባል ምሽት ክለብ ነበረው። በ1981 ዋሊያስ ባንድ አሜሪካ እንዲመጣ ያደረገውም እሱ ነው። ከባንዱ ጥቂቶቹ በዚያው ቀሩ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዱለስ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ትንሽ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር አሥራ ዘጠነኛው ጻፈ። ግርማ በየነም ሙዚቃውን ትቶ ብዙ ዘመን እዚያው ኖሯል። ስለዚህ፣ ይላል ጸሐፊው፣ ቤቱ አልሞተም፣ ተሰደደ። ሸክላ የሚያወጣው ቤት ቀርቶ ሰው የሚሰበስብ ቤት ሆነ።

ሃያኛው ብሉ ናይል ክትፎው እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀ። ሃያ አንደኛው በዚያ ዘመን ዲሲ ጤፍ ስለማይገኝ እንጀራው ከምን ከምን ይጋገር እንደነበር ዘረዘረ። ሃያ ሁለተኛው አሁንም ቢሆን ከአዲስ አበባ እንጀራ የዲሲው እንደሚሻል ጽፎ የሚበቃውን ስድብ አገኘ። ኃላፊው ያጠፋቸው እነዚያን ናቸው፣ ስለዚህ ቁጥር የላቸውም።

ሃያ ሦስተኛው ወደ ሸክላው መለሰን። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ አጋማሽ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ አዲስ አበባ መጣ። ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ሲዲ የአምሃንና የካይፋን ሥራዎች አንድ በአንድ አወጣ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። የዚያ ሙዚቃ በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም ሰማው። ሙላቱ አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 በአምሃ ቤት ያወጣው አልበም ስሙ የካቲት ነው። ይህችን ነገር ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። የካቲት 66 ቤቱን ሊበትነው የመጣው ወር ነው፣ ስሙን ግን የቤቱ አልበም ይዞታል። ሃያ ሦስተኛው ይህን ሁሉ የጻፈው ለምስጋና ነው። ፈረንሳዩ ባይመጣ ኖሮ ሁሉም ነገር ሳጥን ውስጥ ይቀር ነበር።

ሃያ አራተኛው ተቆጣ። በጣም። የራሳችንን ሰው ለማወቅ ሁልጊዜ ፈረንጅ ካልነገረን አንሰማም፣ ወርቃማው ዘመን የሚለው ስም ራሱ የውጭ ሰው ያወጣው ነው፣ ሲዲው ፓሪስ ይታተማል፣ ገንዘቡ የት ይገባል ብሎ በጥያቄ ምልክት የተሞላ ገጽ ጻፈ። ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ደግሞ ሲጮህ ነው ልክ የሚመስለው። ሥራዎቹ የወጡት ከአምሃ ጋር ተስማምተው እንደሆነ የዲሲው ሰው ሊያስታውሰው ቢሞክር አልሰማም።

ጥሩ መልስ የሰጠችው ሃያ አምስተኛዋ ናት። ሕግ ያጠናች መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1996 ነው። በዚህ አዋጅ የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የድምፃዊውና የአሳታሚው ግን 50 ዓመት ብቻ ነው። አሁን ቁጠሩ አለችን። ሕጉ ወደ ኋላ ይሄዳል አይሄድም የሚለው ራሱ ያከራክራል፣ ይሄዳል ብንል እንኳ የ1969 ሸክላ በ2019 ያበቃለታል። አምሃ ያረፈው በ2021 ነው፣ ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች መብት ከባለቤቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ አለቀ ማለት ነው። ዛሬ ሊጠይቅ የሚችል ካለ የገጣሚዎቹና የዜማ ደራሲዎቹ ልጆች ናቸው። እነሱስ ያውቃሉ?

ሃያ ስድስተኛዋ እንደማያውቁ ነገረችን። አባቷ በዚያ ዘመን ከነበሩት ኦርኬስትራዎች በአንዱ ትራምፔት ይነፋ ነበር። ለተለያዩ አሳታሚዎች ሸክላ ላይ ተጫውቷል፣ የትኞቹ ላይ እንደሆነ ግን ቤተሰቡ አያውቅም፣ ምክንያቱም የባንዱ አባላት ስም በአብዛኛው አይጻፍም። ክፍያው በቀጥታ እጅ በእጅ ነው፣ ያኔውኑ አልቋል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። አባቷ ቅር እንዳላለው ትናገራለች። ያ ገንዘብ ከወር ደመወዙ ጋር ሲነጻጸር ደህና ነገር ነበር፣ የቤቱን ቆርቆሮ የለወጠው በሱ ነው። ቅር ያላት እሷን ነው። አንድ ቀን ስልኳ ላይ የማይታወቅ የባንድ ስም ያለበት ዘፈን ስትሰማ፣ ትራምፔቱ ሲገባ የአባቷን ትንፋሽ አወቀችው። እንዴት እንዳወቀች አልገለጸችም። ልጅ ስለሆነች ይሆናል። የምትጠይቀው ገንዘብ እንዳልሆነ፣ ስሙ ብቻ የሆነ ቦታ እንዲጻፍ እንደሆነ ጽፋ ጨረሰች። ሃያ አራተኛው የተቆጣው ሰውዬ እንኳ ከዚህ ሥር ዝም አለ።

ሃያ ሰባተኛው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን አባባሌን ተውኩ። አሥራ ሁለተኛዋ ልክ ነበረች። ደርግ ማታውን ወሰደ፣ ካሴት ገበያውን ወሰደ፣ ግን ሁለቱም ካይፋ ላይም ደርሰዋል፣ እሱ ግን ጥቂት ዓመት ቆየ። ልዩነቱ አምሃ ሪከርድስ የአንድ ሰው ቤት መሆኑ ይመስለኛል። ዘፈን የሚመርጠው ጆሮ የእሱ ነው፣ ገንዘቡ የእሱ ነው፣ ቴፑን የሚልከው እሱ ነው፣ ሕጉን ለመጣስ የደፈረው ልብም የእሱ ነው። እሱ አውሮፕላን ሲሳፈር ቤቱም አብሮት ተሳፈረ። ከእሱ ሌላ ቁልፍ የያዘ ሰው አልነበረም። ደግሞም አስቡት፣ ቤቱ የተነሳው ሕግ ችላ ስለተባለ ነው። ሊጠበቅ ሲገባው ደግሞ የሚጠብቀው ሕግ አልነበረም። ይህን ጽፌ ደህና ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ሃያ ስምንተኛው ጠበቀኝ። በአማርኛዬ እንኳ ሳይራራልኝ ነው የጻፈው። ሰውዬው ባይሄድ ኖሮ የምትለው ያንተ ቤት ይኖር ነበር ወይ አለኝ። የሄደው በ1975 ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀይ ሽብር ነው። በዚያ ከተማ ረጅም ጸጉር ያለው፣ ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ፣ ገንዘብ ያለው ወጣት ነጋዴ ምን ይጠብቀው ነበር? ካይፋ ስለተረፈ ሁሉም ይተርፋል ማለት አይደለም። እኔ በደህና ቀን፣ በሞቀ ክፍል ተቀምጬ የተሰደደን ሰው ለምን ተሰደድክ እያልኩ ነው። የራሱ ታላቅ ወንድም ሳይሄድ ቀርቶ ያገኘውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀሰ። ያንን እዚህ አልደግመውም።

ምን ልመልስ? አልመለስኩም። አሁንም የአንድ ሰው ቤት ነበር የሚለውን አልተውኩትም፣ ግን እንዳጻጻፌ ተሳስቻለሁ። እንደ ጥፋት አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ሃያ ዘጠነኛው ጋሼ ናቸው። ክርክሩን ሁሉ ረስተው፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲጨቃጨቅ ሸክላውን ያጫወተው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም። እኔ ማጫወቻ የለኝም። እሳቸው አላቸው፣ መርፌውም አዲስ ነው፣ ቅዳሜ ይምጣ አሉ። ሠላሳኛው ሸክላው እንዳይሰበር በስንት ፎጣ መጠቅለል እንዳለበት መከረኝ። ሁለተኛው፣ ያው ገዢው፣ በሠላሳ አንደኛው ዋጋ ጠርቶ ተመለሰ። ዋጋው በዶላር ነው፣ ደህና ዋጋም ነው፣ አልዋሽም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ጠበቁን። ጋሼ ሸክላውን በሸሚዛቸው ጫፍ ሳይሆን በተለየ ጨርቅ ጠረጉት፣ ብርሃን ላይ አድርገው ሁለቱንም ፊት አዩ። መጀመሪያ የተጫወተው ፊት ምንም አይሰማም። ሰው ሩቅ ክፍል ውስጥ ሽሮ የሚጠብስ ነው የሚመስለው። በመርፌ ብዛት ተፍቆ አልቋል፣ አክስቴ ይህንን ፊት ነበር የምትወደው። ጋሼ ገለበጡት። ሁለተኛው ፊት እንደ አዲስ ነው። የሴት ድምፅ ወጣ፣ ጥርት ያለ፣ ከኋላዋ ኦርጋንና ሁለት የትንፋሽ መሣሪያ። እንደ መሰለኝ አክስቴ ይህንን ፊት ከሁለት ጊዜ በላይ አላጫወተችውም።

ቀድቼ መድረኩ ላይ ለጠፍኩት፣ ሠላሳ ሁለተኛው እሱ ነው። ዘፋኟ ማን ናት ብዬ ጠየቅኩ። ሠላሳ ሦስተኛው ብዙነሽ በቀለ መሆኗን ማለ። ሠላሳ አራተኛው ጆሮ ላለው ሰው ሒሩት በቀለ እንደሆነች ግልጽ ነው ብሎ ሠላሳ ሦስተኛውን ሰደበ። ሠላሳ አምስተኛው ብዙነሽና ሒሩት እህትማማች ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ።